የሙሽሪት አባት ጭፈራ ያለበት ዲስክ አልከፈት ስለማለቱ

ቀን፦ ማክሰኞ ከምሳ በኋላ፣ ሠርጉ ካለፈ በሦስተኛው ሳምንት።

ቦታ፦ የፎቶና ቪዲዮ ስቱዲዮው የኋላ ክፍል፣ ባሕርና ዘንባባ የተሳለበት መጋረጃ ሥር።

የተገኙ፦
የስቱዲዮው ባለቤት — ሰብሳቢ
ካሜራማኑ፣ የሰብሳቢው ታናሽ ወንድም — አባል
ኤዲተሯ — አባል፤ ዲስኩ ለመጨረሻ ጊዜ በጤናው የታየው በእሷ እጅ ስለሆነ ተጠርጣሪም
የሙሽሪት እናት — ታዛቢ
የሙሽራው እናት — ታዛቢ
እንግዳ ተቀባይዋ — ጸሐፊ፤ “የእሷ ጽሑፍ ይነበባል” ተብላ ያለ ፈቃዷ የተመረጠች

ያልተገኙ፦ ሙሽሮቹ፣ ጫጉላ ላይ በመሆናቸው። የሙሽሪት አባት፣ ያለ በቂ ምክንያት።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ከሦስቱ የስቱዲዮው አባላት ሦስቱም ስለተገኙ ተሟልቷል። ካሜራማኑ በኋለኛው በር ለመውጣት ሞክሮ የነበረ ቢሆንም በሩ የተቆለፈው ከውጭ ስለነበር መገኘቱ ተረጋግጧል። ሰብሳቢው ታዛቢዎች ድምፅ እንደሌላቸው ገለጹ። የሙሽሪት እናት ድምፅ እንዳላቸው ማሳየት ሲጀምሩ ከመንገዱ ማዶ ያለው ጫማ ጠጋኝ ቀና ብሎ ስላየ፣ ታዛቢዎችም ድምፅ ይኑራቸው ተብሎ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

አጀንዳ አንድ፦ ችግሩን ስለማወቅ

ኤዲተሯ እንዲህ ስትል አስረዳች። ሠርጉ በሙሉ ያለው በአንድ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ነው። ዲስኩ እስከ ትናንት ጠዋት ይሠራ ነበር። ከዚያ በኋላ ላፕቶፑ ላይ ሲሰካ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ከሆዱ ቂጭ ቂጭ የሚል ድምፅ ያሰማል፣ ስክሪኑ ላይ ብቅ ይልና ወዲያው ይጠፋል።

የሙሽራው እናት፣ “ሌላ ቦታ ኮፒ የለም ወይ?” ሲሉ ጠየቁ። ኤዲተሯ ሁለተኛ ዲስክ እንዲገዛ ጠይቃ “ቅንጦት ነው” እንደተባለች ተናገረች። ማን እንዳላት ስትጠየቅ ሰብሳቢውን አየች። ሰብሳቢውም ዘንባባውን አዩ።

የካሜራው ሚሞሪ ካርድስ ተብሎ ተጠየቀ። ካሜራማኑ ካርዱን በማግስቱ ለሌላ ሠርግ እንዳጠፋውና እንደገና እንደቀረጸበት በትሕትና አስረዳ። የሙሽሪት እናት በልጃቸው ሠርግ ላይ የሌላ ሰው ሠርግ መደረጉ በቃለ ጉባኤው እንዲሰፍር አሳሰቡ። ሰፍሯል።

ሰብሳቢው ይህ ሁሉ የሆነው በቴክኖሎጂ ምክንያት መሆኑን ገልጸው ጉባኤው በትዕግሥት እንዲወያይ ጠየቁ። የሙሽሪት እናት ትዕግሥት እንደሌላቸው፣ ለምን እንደሌላቸውም ሊናገሩ እንደሚፈልጉ፣ የሚናገሩትም ቃል በቃል እንዲጻፍ ጠየቁ። ቃሉ የሚከተለው ነው፦

“የእኔ ባል ከወንበር የሚነሳው ለመተኛት ብቻ ነው። ልጃገረድ ሆኜ ነው ያገባሁት፣ ይኸው ልጅ ዳርኩ፤ አንድ ቀን ከእኔ ጋር ጨፍሮ አያውቅም። ‘ተነስ’ ስለው ‘ወገቤን’ ይላል። በልጁ ሠርግ ላይ ግን ተነስቶ ጨፈረ አሉኝ! እኔ በዚያች ሰዓት ጓዳ ገብቼ ምግብ ያዘገዩትን አስተናጋጆች እየተቆጣሁ ነበር። አገሩ ሁሉ ያየውን እኔ ሚስቱ አላየሁም። ቤት ገብቼ ‘እስቲ አሳየኝ’ ብለው ‘ቪዲዮው ሲመጣ ታይዋለሽ’ አለኝ። ቪዲዮው ይምጣ!”

ጉባኤው በጉዳዩ ላይ ሰፊ ውይይት ካደረገ በኋላ ችግር መኖሩን በሙሉ ድምፅ ወሰነ።

አጀንዳ ሁለት፦ የመፍትሔ ሐሳቦች

ካሜራማኑ ዲስኩ ተነቅሎ እንዲሰካ ሐሳብ አቀረበ። ተነቅሎ ተሰካ። ለውጥ አልመጣም። ሰብሳቢው ሲነቀል በትክክል አልተነቀለም በማለት ራሳቸው ነቅለው ሰኩት። አሁንም ቂጭ አለ።

ሰብሳቢው ላፕቶፑ ጠፍቶ እንዲበራ አዘዙ። ላፕቶፑ ሲጠፋ ለብዙ ወራት “በኋላ” እየተባለ የታለፈውን አፕዴት ሁሉ መጫን ጀመረ። ላፕቶፑ ራሱን ሲያድስ ጉባኤው አረጀ። በዚህ መሐል ሁለቱ እናቶች አንዳቸው የሌላቸውን ጤና፣ የልጆች ጤና፣ የዘመድ ጤና ጠያይቀው ጨረሱ። የሙሽሪት እናት፣ “እህቴ፣ ይህች ቀሚስ እንዴት አምራብዎታለች” አሉ። የሙሽራው እናት፣ “ኧረ እርስዎ ነዎት እንጂ! ቀን በቀን ልጅ እየሆኑ” ሲሉ መለሱ። ሁለቱም ከሳቁ በኋላ ሳቁ በአንድ ጊዜ ቆመ።

ኬብሉ ይቀየር የሚል ሐሳብ ከኤዲተሯ ቀረበ። ከመሳቢያው ሦስት ኬብል ተገኘ። የመጀመሪያው ስልክ ቻርጅ ከማድረግ በቀር ሌላ ሥራ አልችልም የሚል ዓይነት ሆኖ ተገኘ። ሁለተኛው ጫፉ አልገጠመም። ሦስተኛው ገጠመ፤ ዲስኩ ግን በአዲሱ ኬብልም ቂጭ አለ። ጥፋቱ የኬብሉ አለመሆኑ ታውቆ ኬብሉ በነፃ ተሰናበተ።

ካሜራማኑ ዲስኩ መታ መታ እንዲደረግ ጠይቆ፣ እሱ የቤቱን ሪሞት የሚያሠራው እንዲሁ እንደሆነ ገለጸ። ኤዲተሯ ዲስኩን ደረቷ ላይ አቅፋ ስብሰባውን ረግጣ እንደምትወጣ ስላስታወቀች ሐሳቡ ውድቅ ሆነ። ካሜራማኑ ተስፋ ሳይቆርጥ ዲስኩ ፍሪጅ ውስጥ ቢያድር እንደሚድን ከአንድ ጓደኛው መስማቱን ተናገረ። የሙሽራው እናት፣ “ዲስክ ነው ወይስ ሥጋ?” ሲሉ ጥያቄ አቀረቡ። ጥያቄው ለሚቀጥለው ጊዜ ተላለፈ።

በዚህ ጊዜ ዲስኩ ድንገት ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ። ጉባኤው እልል ሊል ሲል ከስሩ ጽሑፍ ወጣ፤ ዲስኩን ለመጠቀም መጀመሪያ ፎርማት መደረግ እንዳለበትና ፎርማት ይደረግ እንደሆነ የሚጠይቅ ነው። ሰብሳቢው፣ “በጨዋ ደንብ ጠይቆናል፤ እሺ በሉት” ብለው ማውሱን ያዙ።

ኤዲተሯ፣ “አይነካ! ፎርማት ማለት እኮ ሙልጭ አድርጎ ማጥፋት ነው!” ስትል ተቃወመች።

ሰብሳቢው እጃቸውን ለማንሳት ሲያመነቱ የሙሽሪት እናት ወንበራቸውን ከኋላ ሳቡት። ወንበሩ ባለጎማ ስለነበር ሰብሳቢው ከነማዕረጋቸው እስከ ባሕሩ ድረስ ተንከባለሉ። ማውሱ በእጃቸው ነበር፤ ገመዱ አብሮ ተነቀለ። ስብሰባው ለጥቂት ጊዜ ያለ ሰብሳቢም ያለ ማውስም ቀጥሏል። በኪቦርዱ “አይሆንም” ከተባለ በኋላ፣ ዲስኩ እንደገና ቢጠይቅ ማንም ሰው ብቻውን እሺ እንዳይል፣ በተለይም ሰብሳቢው፣ ተብሎ ተወሰነ።

አጀንዳ ሦስት፦ ስለ ማራገቢያው

ይህ አጀንዳ አስቀድሞ የተያዘ አልነበረም።

የክፍሉ መስኮት መጋረጃው ስለጋረደው አይከፈትም። ሙቀቱን ለመቀነስ ጠረጴዛው ላይ አንዲት ትንሽ ማራገቢያ ነበረች። ማራገቢያዋ የተሰካችው ከላፕቶፑ ጎን በተንጠለጠለው የዩኤስቢ ማከፋፈያ ላይ ነው። እዚያው ማከፋፈያ ላይ የሰብሳቢው ስልክ፣ የካሜራማኑ ስልክ፣ አንድ የጠረጴዛ መብራትና የሰብሳቢውን ሻይ የምታሞቅ ትንሽ ሰሌዳ ተሰክተዋል። ዲስኩም የተሰካው በተረፈው ቀዳዳ ነው።

የሙሽራው እናት፣ “እህቴ፣ ቅር ካላለዎት ይህች ነገር አንገቴን ያዘችኝ” ብለው ማራገቢያዋን ነቀሉ።

የሙሽሪት እናት፣ “ምን ገዶኝ፤ እኔ ብቻ ትንሽ ልታፈን ነው” ብለው መልሰው ሰኩ።

“አንገቴ ከጠና ልጅዎ ነች የምታስታምመኝ፤ ለእሷ ብዬ ነው” ተብሎ ተነቀለች።

“እኔ ከወደቅሁ ልጅዎ ነው የሚሸከመኝ፤ እኔም ለእሱ ብዬ ነው” ተብሎ ተሰካች።

ሰብሳቢው ማራገቢያዋ ወደ ግድግዳው እንድትዞር የማስታረቂያ ሐሳብ ቢያቀርቡም ሰሚ አላገኙም። ማራገቢያዋ ስትነቀልና ስትሰካ ኤዲተሯ ከተቀመጠችበት ብድግ አለች። እናቶቹ ልትገላግለን መጣች ብለው ቢጠብቁም እሷ የምታየው ዲስኩን ነበር።

“እስቲ ማራገቢያዋን አንዴ ይንቀሏት” አለች የሙሽራውን እናት። ነቀሉ። የዲስኩ መብራት ብልጭታውን ትቶ ረጋ አለ። “አሁን ይሰኳት” አለች የሙሽሪትን እናት። ሰኩ። ዲስኩ ቂጭ ቂጭ ማለት ጀመረ።

ኤዲተሯ እንዳብራራችው ዲስኩ የሚንቀሳቀሰው ላፕቶፑ በሚሰጠው ኃይል ነው። ማከፋፈያው ደግሞ ያችኑ ትንሽ ኃይል ለስድስት ያካፍላል። ዲስኩ ሊነሳ ይሞክራል፣ ጉልበት ያጥረዋል፣ ተመልሶ ይወድቃል። “አልተበላሸም፣ ርቦት ነው” ስትል ደመደመች። መብራቱና የሻይ ማሞቂያው የተጨመሩት መቼ እንደሆነ ተጠይቆ፣ ትናንት ጠዋት እንደሆነ ካሜራማኑ ሳይጠየቅ መሰከረ። ሰብሳቢው ወንድማቸውን፣ “አንተ የማን ወገን ነህ?” ሲሉ ገሠጹ። ካሜራማኑ፣ “ወንድም ጋሼ፣ ዛሬስ የእናቶች ነኝ” ሲል አቋሙን አሳወቀ።

በሙሉ ድምፅ፣ በአንድ ድምፀ ተዓቅቦ (ሰብሳቢው ሻያቸውን ይዘው ስለነበር እጃቸውን አላወጡም)፣ ማከፋፈያው ከነጭፍሮቹ እንዲነቀልና ዲስኩ ቀጥታ ላፕቶፑ ላይ እንዲሰካ ተወሰነ። ላፕቶፑ አንድ ጊዜ ጠፍቶ በራ። ዲስኩ ተሰካ። መብራቱ ረጋ፤ ሠርጉ ከነፎልደሩ ተዘረዘረ። የሙሽራው እናት የሙሽሪትን እናት አቅፈው ሳሙ። ሰብሳቢው ስቱዲዮው በሙያው ያስመዘገበው ስኬት እንዲጻፍ ጠየቁ። ጥያቄው ተጽፏል።

አጀንዳ አራት፦ ዕይታ

የጭፈራው ክፍል የትኛው ፋይል እንደሆነ ስላልታወቀ በመጀመሪያ የኬኩ ፋይል ተከፈተ። ካሜራማኑ ያን ቀን አንድ ማይክሮፎን የኬኩ ጠረጴዛ ላይ ረስቶ እንደነበር ያስታወሰው ድምፁ መውጣት ከጀመረ በኋላ ነው።

የሙሽሪት እናት ድምፅ፣ “ይሄን ኬክ የሙሽራው እናት ናት አይደል የመረጠችው? ቢላዋው እኮ ጎበጠ” ሲል ተሰማ።

ጥቂት ቆይቶ የሙሽራው እናት ድምፅ፣ “እናቷን አይተህ ልጅቷን አግባ ብዬው ነበር፤ ምን ይሆናል፣ ሊያያት የሄደ ቀን መነጽሩን ረስቶ ሄደ” ሲል ተሰማ።

ሰብሳቢው ሻይ ይምጣ አሉ፤ ማንም አልሄደም። የሙሽራው እናት ቦርሳቸውን አንስተው ቆሙ።

“ቁጭ በይ” አሉ የሙሽሪት እናት። እስከዚህ ድረስ እርስዎ ሲባባሉ እንደነበር ጸሐፊዋ ታስታውሳለች። “ቁጭ በይ እንጂ። ኬኩ ግን ደረቅ ነበር።”

የሙሽራው እናት ቦርሳቸውን መልሰው አስቀመጡ። “ነበር” አሉ። “እኔም ጥርሴን አሞኛል። መነጽሩንም የእውነት ረስቶት ነበር።”

መጀመሪያ የሳቀችው ኤዲተሯ ነች። ከዚያ የሁለቱ እናቶች ሳቅ ስላየለ ስብሰባው በራሱ ጊዜ ዕረፍት ወጣ። ከዕረፍት መልስ ሁለቱም በአንድ ወንበር ላይ ነበሩ።

ቀጣዩ ፋይል ጭፈራው ሆነ። የሙሽሪት አባት አዳራሹ ጥግ ተቀምጠው ይታያሉ። በሩን አየት ያደርጋሉ። ተነስተው የሙሽራው እናት ዘንድ ይመጣሉ። የኬኩ ጠረጴዛ ቅርባቸው በመሆኑ የተባባሉት ሁሉ ይሰማል፤ በሙሽሪት እናት ጥያቄ ቃል በቃል ሰፍሯል፦

“ይቅርታ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ። ጭፈራ ያስተምሩኝ።”

“አሁን?”

“አሁን እንጂ መቼ! ባለቤቴ አስተናጋጆች ልትቆጣ ገብታለች። ስትመለስ ላስነሳት አስቤ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ‘ተነስ እንጨፍር’ ስትለኝ እግሬ ይተሳሰርብኛል፤ እሷ ፊት ከማፍር ብዬ ‘ወገቤን’ እያልኩ ኖርኩ። ወገቤ ግን ደህና ነው።”

ከዚያ ጨፈሩ። የታየው ነገር ጭፈራ መባል አለመባሉ ድምፅ ሳይሰጥበት ታልፏል። ትከሻቸው ከሙዚቃው ቀድሞ ሲሄድ እግራቸው ዘግይቶ ይደርሳል። ሦስት ጊዜ የሙሽራውን እናት እግር ረግጠዋል። ሆኖም ፊታቸው ላይ የነበረውን ደስታ ካሜራማኑ በጣም አቅርቦ ስለወሰደው ጸሐፊዋ ለማየት ችላለች። ሰው ሁሉ ማጨብጨብ ሲጀምር የአዳራሹ በር ተከፈተና የሙሽሪት እናት ባዶ ትሪ ይዘው፣ “ሰው በረሃብ ልትጨርሱ ነው?” እያሉ ገቡ። የሙሽሪት አባት ወዲያው ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ የማን እንደሆነ ያልታወቀ ብርጭቆም አነሱ።

ቪዲዮው ላይ የሙሽሪት እናት፣ “ምነው ላብ ላብ አለህ? ወገብህ ነው?” ይላሉ።

“ወገቤ ነው” ይላሉ አባት።

እዚህ ላይ ኤዲተሯ ቪዲዮውን አቆመችው። የሙሽሪት እናት የሙሽራውን እናት፣ “እስካሁን ለምን አልነገርሽኝም?” ሲሉ ጠየቁ። “አደራ ብለውኝ ነዋ። ደግሞ ያስነሱሻል ብዬ ሌሊቱን ሙሉ ጠብቄያለሁ፤ ጫማሽን አይተው ይመለሳሉ” ተብሎ ተመለሰላቸው። የሙሽሪት እናት ቪዲዮው ከመጀመሪያው እንዲደገም ጠየቁ። ተደገመ። ነጠላ ዜማ ይመስል ሌላም ጊዜ ተደገመ። ካሜራማኑ አፍንጫውን የጠረገው በአቧራው ምክንያት መሆኑን አስመዝግቧል።

አጀንዳ አምስት፦ ልዩ ልዩ

ሰብሳቢው ሥራው በስኬት መጠናቀቁን ገልጸው ኮፒው ዛሬውኑ ለቤተሰቡ ይሰጥ አሉ።

የሙሽሪት እናት ተቃወሙ። ዲስኩ አልተከፈተም አሉ።

ሰብሳቢው መከፈቱን አስረዱ። የሙሽሪት እናት አለመከፈቱን ደግመው አስረዱ። “ይሄ ቪዲዮ ቤት ከገባ ባሌ አመለጠ ማለት ነው። ‘ይኸው አየሽው’ ብሎ ወንበሩ ላይ ይሞታል። ቪዲዮው ከጠፋ ግን የት ይገባል? ‘ታይዋለሽ’ ብሎኛል፤ ያሳየኛል!”

ሰብሳቢው የስቱዲዮው ስም እንዳይጠፋ ስጋታቸውን ገለጹ። የሙሽራው እናት፣ “እሱ ከዲስኩ በፊት ነው የጠፋው” በማለት አጽናኗቸው። ለልጃቸውና ለምራታቸውም ከጫጉላ ሲመለሱ ራሳቸው ሊያስረዱ ቃል ገቡ። ኤዲተሯ፣ ባልተከፈተው ዲስክ ላይ ያለው ሠርግ በሙሉ አሁኑኑ ሌላ ዲስክ ላይ ካልተገለበጠ በሐሳቡ እንደማትስማማ፣ ዲስኩንም ሰብሳቢው እንደሚገዙ ተናገረች። ሰብሳቢው ሊናገሩ ሲሉ የሙሽሪት እናት የወንበራቸውን ጀርባ ያዙ። ሰብሳቢው ተስማሙ።

በዚህ መሐል የሙሽሪት እናት ስልክ ጠራ። ባለቤታቸው ናቸው። ድምፁ ከፍ ተደርጎ ጉባኤው እንዲሰማ ተፈቀደ።

“ተከፈተ?”

“አልተከፈተም። ድምጥማጡ ጠፍቷል።”

“ጭፈራውም?”

“መጀመሪያ እሱ ነው የጠፋው። እንግዲህ አንተው ነህ የምታሳየኝ።”

የሙሽራው እናት እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

“ወገቤ…” አሉ አባት።

“ወገብህ ምን ሆነ?”

በጣም ዝግ ባለ ድምፅ፣ “ምንም አልሆነ። ሳሎኑ ግን ጠባብ ነው” አሉ።

“ጠረጴዛውን መጥቼ አወጣዋለሁ።”

“ተዪው፣ እኔ አወጣዋለሁ። አንቺ ብቻ ቀስ ብለሽ ነይ።”

የመጨረሻ ውሳኔ፦ ጉባኤው ከዚህ በላይ የቀረቡትን ከመረመረ በኋላ፣ ችግር አለ የተባለው፣ መፍትሔ የተባለው፣ ኬብሉን ያሰናበተው፣ ማራገቢያዋን የኮነነውና ዲስኩ ተከፍቷል ያለው ውሳኔ በሙሉ ከዛሬ ጀምሮ ተሽሯል። ዲስኩ እንዳልተከፈተ፣ የታየውም እንዳልታየ ይቆጠር ተብሎ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።

የሙሽራው እናት ለሙሽሪት እናት፣ “ወደ ግራ ሲዞር እግርሽን ሰብስቢ” የሚል ምክር ሰጥተው ስብሰባው ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ተበትኗል። የሙሽሪት እናት ቀስ ብለው እንዲመጡ የተነገራቸው ቢሆንም ደረጃውን በሩጫ እንደወረዱ ጸሐፊዋ በዓይኗ አይታ መዝግባለች።